ፎቶሾፕን ማፍጠን፦ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ከዚያ ፋይሉን፣ ከዚያ እጃችንን

ፎቶሾፕ ሲንቀራፈፍ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ራም መጨመር ወይም ኮምፒውተር መቀየር ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቶም ፎቶሾፑ ያው ነው። ጊዜያችን የሚባክነው በሦስት በኩል ነው። ማሽኑ እስኪጨርስ እንጠብቃለን፤ ፋይሉን ከሚገባው በላይ አክብደን እንጎትታለን፤ አንዱን ሥራ ለእያንዳንዱ ፎቶ በእጃችን ደጋግመን እንሠራለን። ብዙ ፎቶ ለሚያዘጋጅ ሰው፣ እንደ እኔ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል፤ የሚወራለት ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። የማሽኑ ጉዳይ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሱ እንጀምር።

ከታች የምጽፋቸው የቁልፍ ስሞች የዊንዶውስ ናቸው። ማክ የምትጠቀሙ ኮንትሮል ባልኩበት ኮማንድን፣ ኦልት ባልኩበት ኦፕሽንን ተጫኑ።

ከመነካካት በፊት መለካት

አንድ ትልቅ ፎቶ ክፈቱ። ከመስኮቱ ታች በስተግራ፣ የዙሙ ፐርሰንት ካለበት ጎን፣ ትንሽ ቀስት አለች። እሷን ስትጫኑ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ኤፊሸንሲ» የሚለውን ምረጡ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ይታያችኋል። 100% ከሆነ ፎቶሾፕ ሥራውን ሁሉ በራም ላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ከወረደ ራሙ አልበቃው ብሎ ወደ ዲስክ እየጻፈ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ፈጣን የተባለው እንኳ ራምን አያክልም። የምትሠሩበትን የተለመደ ከባድ ፋይል ከፍታችሁ ጥቂት ሥሩና ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ95% በታች እየወረደ የሚቆይ ከሆነ የራም እጥረት አለባችሁ። ሁልጊዜ 100% ሆኖም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ራም መግዛት ብዙ ላይጠቅም ይችላል፤ ግራፊክስ ካርዱን፣ ዲስኩን ወይም ፋይሉን ነው መፈተሽ ያለባችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ የሚያየው የፎቶሾፕን ስክራች ዲስክ፣ ማለትም ራም ሲያንሰው ለጊዜው የሚጽፍበትን ዲስክ፣ ብቻ ነው። ብሮውዘር በብዙ ታብ፣ ላይትሩምም (ፎቶ መምረጫና ማስተካከያ ፕሮግራም) ከጎኑ ተከፍቶ ራሙን ሁሉ ተከፋፍለውት ከሆነ፣ ወደ ዲስክ መጻፍ የሚጀምረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ነው። ያኔ ፎቶሾፕ 100% እያለ ኮምፒውተሩ በሙሉ ይተኛል። ስለዚህ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ አጠቃላይ የሜሞሪውን መጠን ጎን ለጎን እዩ።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ታይሚንግ» የሚል አለ፤ መጨረሻ የሠራችሁት ነገር ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይነግራችኋል። ሴቲንግ በቀየራችሁ ቁጥር በአንድ ፎቶ ላይ አንዱን ፊልተር በተመሳሳይ መጠን አስኬዱና ቁጥሩን አወዳድሩ። አምስት ነገር ባንድ ጊዜ ቀይሮ «አሁን የፈጠነ ይመስላል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የማሽኑ ሴቲንግ

ኤዲት፣ ከዚያ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ ግቡ። ማክ ላይ በፎቶሾፕ ስም ባለው ሜኑ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሜሞሪ፦ «ሌት ፎቶሾፕ ዩዝ» የሚለው መጎተቻ ሲመጣ 70% ላይ ነው። ኤፊሸንሲው የሚወርድባችሁ ከሆነ 5% እየጨመራችሁ ሞክሩ፤ ከ85% አትለፉ። ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚተርፈው ካነሰ ከላይ ያልኩት ወጥመድ ውስጥ ትገባላችሁ። ከፎቶሾፕ ጋር ሌላ ከባድ ፕሮግራም ሁልጊዜ የምትከፍቱ ከሆነ መጨመሩ ይቅርባችሁ፤ እንዲያውም መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሂስትሪ ስቴትስ፦ ወደ ኋላ ስንት እርምጃ መመለስ እንደምትችሉ የሚወስነው ይህ ነው፤ የሚመጣው 50 ሆኖ ነው። በብሩሽ አንድ ጊዜ መንካት የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ በሙሉ ፎቶው ላይ የሚሠራ ፊልተር ግን የፎቶውን ሙሉ ቅጂ ያህል ይይዛል። በትልልቅ ፋይል ላይ ብዙ ፊልተር የምትጠቀሙ ከሆነ 20 ይበቃል። ወሳኝ ቦታ ላይ ስትደርሱ ከሂስትሪ ፓነሉ ግርጌ ያለችውን የካሜራ ምልክት ተጫኑ፤ ስናፕሾት ይያዝላችኋል፤ የፈለገውን ያህል እርምጃ ቢያልፍ ወደዚያ መመለስ ትችላላችሁ። ፋይሉን ስትዘጉ ግን ስናፕሾቱም አብሮ ይጠፋል።

ካሽ፦ ፎቶሾፕ ምስሉን ቶሎ ለማሳየት የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ቅጂ ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከመነካካት ከተዘጋጁት ሦስት ምርጫዎች አንዱን መጫን ይሻላል። ትንንሽና ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ንብርብር) የበዛባቸው ዲዛይኖች ለምትሠሩ የዌብ ዲዛይኑ፣ ለተራ ፎቶ ዲፎልቱ፣ ለግዙፍ ባነርና ፓኖራማ የትልልቅ ፒክስሉ። ለውጡ የሚሠራው ፎቶሾፕ ተዘግቶ ሲከፈት ነው።

ስክራች ዲስክ፦ ይህ በፕሪፈረንስስ ውስጥ ለብቻው ገጽ አለው። ፈጣን ኤስኤስዲ ይሁን፤ በቂ ባዶ ቦታ ይኑረው። በዩኤስቢ የሚሰካ አሮጌ ሃርድ ዲስክ መምረጥ ከሁሉም የከፋ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ፎቶሾፕ ጭራሽ አልከፈት ካላችሁ፣ ፕሮግራሙን ስታስነሱ ኮንትሮልና ኦልትን አንድ ላይ ይዛችሁ ቆዩ፤ ሌላ ዲስክ የምትመርጡበት መስኮት ይመጣል። በሥራ መሃል ቦታ ካነሳችሁ ደግሞ ኤዲት ውስጥ «ፐርጅ» የሚለው ሂስትሪውንና ክሊፕቦርዱን ያጸዳል፤ ከጸዳ በኋላ መመለሻ እንደሌለው ግን እወቁ።

ግራፊክስ ካርድ፦ «ዩዝ ግራፊክስ ፕሮሰሰር» የሚለው ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። ዙም ሲደረግ የሚቆራረጥ፣ ብሩሹ ከእጃችሁ ኋላ የሚቀር ከሆነ ድራይቨሩን ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ አውርዳችሁ አድሱ። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ፎቶሾፕን ለደካማው ካርድ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብታችሁ ለፎቶሾፕ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ምረጡለት። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸ ነው።

ፋይሉ ለምን ይከብዳል?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 24 ሚሊዮን ፒክስል አለው። በአርጂቢ፣ በ8 ቢት ሲከፈት ለእያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ያስፈልጋል፤ ድምሩ 72 ሚሊዮን ባይት ነው። በ16 ቢት እጥፉ፣ 144 ሚሊዮን። ዲስክ ላይ 8 ሜጋባይት የሚመስለው ጄፔግ ራም ላይ ሲዘረጋ ይህን ያህል ነው። ሌየሩን በኮንትሮል ጄ እያባዛችሁ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ነገር ስትሠሩ፣ ሌየሩ ሁሉ የራሱን ፒክስል እየያዘ ይሄዳል።

ስለዚህ ብርሃን ለማስተካከል ወይም ቀለም ለመቀየር ሌየር አታባዙ፤ አድጀስትመንት ሌየር ተጠቀሙ። ከርቭስ ወይም ሂው ሳቹሬሽን የሚይዘው መመሪያውን እንጂ ፒክስሉን ስላልሆነ ክብደቱ ኢምንት ነው፤ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም ዳግመኛ ከፍታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ጉድፍ ለማጽዳትም ሙሉ ቅጂ አያስፈልግም። ባዶ ሌየር ከላይ ክፈቱ፣ ሂሊንግ ብሩሹን ወይም ክሎን ስታምፑን ያዙ፣ ከላይ ባለው መስመር «ሳምፕል» የሚለውን «ከረንት ኤንድ ቢሎው» አድርጉት። የነካችሁት ቦታ ብቻ በአዲሱ ሌየር ላይ ይቀመጣል።

ስማርት ኦብጀክት፣ ማለትም ዋናውን ፋይል ሳይነካ በውስጡ የሚይዝ ሌየር፣ ላይ የእኔ አቋም ለየት ይላል። ብዙ አስተማሪዎች ሁሉንም ነገር ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሩ ይላሉ። ሎጎ ከሆነ፣ ወይም መጠኑን ደጋግማችሁ የምትቀይሩት ፎቶ ከሆነ እሺ። ነገር ግን ውስጡ ሙሉውን ዋናውን ፋይል ይሸከማል፤ ፊልተር ሲደረብበት ደግሞ በትንሽ ለውጥ ሁሉ እንደገና ያሰላል። ተወስኖ ያለቀ ነገር ከሆነ በራይት ክሊክ «ራስተራይዝ» አድርጉትና ቀጥሉ።

16 ቢት ያስፈልጋል ወይ? ከሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ተነስታችሁ ሰማይ ወይም ሌላ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ቀለም ላይ በርትታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ቀለሙ መስመር መስመር ይሠራል። ከጄፔግ ተነስታችሁ ለስልክ ስክሪን ለምታዘጋጁት ፎቶ ግን 8 ቢት በቂ ነው።

ሴቭ ማድረግ ረጅም ጊዜ የሚወስድባችሁ ከሆነ ፕሪፈረንስስ ውስጥ «ፋይል ሃንድሊንግ» ግቡና የፒኤስዲ (የፎቶሾፕ የራሱ ፋይል) ኮምፕረሽንን የሚያጠፋውን ምልክት አድርጉ። ፋይሉ ዲስክ ላይ ይተልቃል፤ ሴቩ ግን ይፈጥናል። እዚያው ያለው «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ማጥፋትም ፋይሉን ያቀላል፤ ላይትሩም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ፒኤስዲውን ለማንበብ ላይትሩም እሱን ይፈልጋል። ፒኤስዲ ከ2 ጊጋባይት በላይ እንደማይይዝም አስታውሱ፤ ያን ያህል ከደረሳችሁ ፒኤስቢ በሚባለው የትልልቅ ፋይል ዓይነት አስቀምጡ።

ከቁልፎቹ የትኞቹን ነው የምንለምደው?

መቶ ሾርትከት የተዘረዘረበት ፖስተር ግድግዳ ላይ ለጥፎ የለመደ ሰው አላየሁም። ይልቅ አንድ የሥራ ቀን ላይ የትኛውን ሜኑ ደጋግማችሁ እንደምትከፍቱ አስተውሉና የዚያን ቁልፍ ብቻ ልመዱ። ለሁሉም ሰው ይጠቅማሉ የምላቸው እነዚህ ናቸው።

ብሩሽ ይዛችሁ ኦልትን ከቀኝ የማውስ ቁልፍ ጋር ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስትጎትቱ የብሩሹ መጠን፣ ወደ ላይና ታች ስትጎትቱ የጠርዙ ልስላሴ ይቀየራል። ማስክ (የሌየሩን ከፊል የሚደብቅ ሽፋን) ላይ ዲ ጥቁርና ነጩን ይመልሳል፣ ኤክስ ቦታ ያለዋውጣቸዋል። ቁጥር ብትጫኑ የብሩሹ ኦፓሲቲ (የቀለሙ ድፍንነት) ይለወጣል፤ 3 ማለት 30% ነው። የአንዱን ሌየር ዓይን ኦልት ይዛችሁ ስትጫኑ ሌላው ሁሉ ይጠፋና እሱ ብቻ ይቀራል፤ መልሳችሁ ስትጫኑ ሁሉም ይመለሳል። ኮንትሮል 1 ፎቶውን በእውነተኛ ፒክስሉ፣ ኮንትሮል 0 ሙሉውን በስክሪኑ ልክ ያሳያል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኸው፦ የመሣሪያውን ቁልፍ ነካ አድርጋችሁ ከመልቀቅ ይልቅ ይዛችሁት ከቆያችሁ፣ መሣሪያው ለጊዜው ብቻ ይመጣል። ብሩሽ ላይ ሆናችሁ ኢን፣ የማጥፊያውን ቁልፍ፣ ይዛችሁ ታጠፋላችሁ፤ ስትለቁት ብሩሹ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

ሾርትከት የሌለው ሜኑ ካለ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍትና ኬን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ለፈለጋችሁት ትእዛዝ የራሳችሁን ቁልፍ የምትሰጡበት መስኮት ይከፈታል። ሾርትከቶቹ በድንገት ካልሠሩላችሁ ደግሞ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት የፊደል መጻፊያችሁ አማርኛ ላይ መሆን አለመሆኑን እዩ። ቢን ስትጫኑ ብሩሹ ላይመጣ ይችላል፤ ኪቦርዱ «ብ» እየላከ ሊሆን ይችላላ።

አክሽን፦ አንድ ጊዜ ሠርቶ ሺህ ጊዜ ማስሠራት

አክሽን የሠራችሁትን ቅደም ተከተል ቀድቶ በሌላ ፎቶ ላይ የሚደግም ነገር ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው በ1996 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው 4ኛው እትም ነው። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ነገር ሆኖ ዛሬም ብዙ ባለሙያ መቶ ፎቶ አንድ በአንድ እየከፈተ ያሳንሳል። እስቲ ፎቶዎችን ለድረ ገጽ የሚያዘጋጅ አክሽን አብረን እንሥራ።

1. አንድ ፎቶ ክፈቱና ኦልት ኤፍ9 ተጫኑ፤ የአክሽን ፓነሉ ይወጣል። መጀመሪያ ከግርጌ የፎልደሯን ምልክት ተጭናችሁ በስማችሁ አዲስ ሴት ክፈቱ። ቀጥላችሁ የመደመር ምልክቷን ተጫኑ፣ «ለድር» ብላችሁ ሰይሙት፣ ከፈለጋችሁ ኤፍ4ን ወይም ሌላ የኤፍ ቁልፍ ስጡት፣ ከዚያ «ሪኮርድ» በሉ። ክቧ ቀይ ሆነች ማለት እየቀዳ ነው። መቸኮል አያስፈልግም፤ የሚቀዳው ያደረጋችሁትን እንጂ የወሰደባችሁን ጊዜ አይደለም።

2. የመጀመሪያው እርምጃ ስናፕሾት ይሁን። አክሽኑ ብዙ እርምጃ ካለው በኮንትሮል ዜድ መመለስ አድካሚ ነው፤ ስናፕሾት ካለ በአንድ ክሊክ ትመለሳላችሁ።

3. ለማሳነስ «ኢሜጅ ሳይዝ»ን አትጠቀሙ። እሱ ውስጥ ስፋቱን 2048 ብላችሁ ከቀዳችሁ፣ የተጋደመው ፎቶ በትክክል ይወጣና የቆመው ፎቶ ግን ስፋቱ 2048 ሆኖ ቁመቱ ከዚያ በላይ ይረዝማል። በምትኩ ፋይል፣ ኦቶሜት፣ «ፊት ኢሜጅ» ግቡና ሁለቱንም ሳጥን 2048 አድርጉ። የተጋደመም ሆነ የቆመ፣ ረጅሙ ጎኑ 2048 ይሆናል። «ዶንት ኢንላርጅ» የሚለውንም ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ ትንንሾቹን ፎቶዎች ይለጥጣቸዋል።

4. ኤዲት ውስጥ «ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል» ብላችሁ ወደ ኤስአርጂቢ፣ አብዛኛው ስክሪን ወደሚጠቀመው የቀለም ደረጃ፣ ቀይሩ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ደማቅ የነበረው ፎቶ ሌላ ስክሪን ላይ ሲደበዝዝ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ይህ መዘለሉ ነው።

5. «ስማርት ሻርፕን» በትንሹ ስጡት። ሻርፕ የሚደረገው ካሳነሱ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

6. አራት ማዕዘኗን ተጭናችሁ አቁሙ። ሴቭና ክሎዝ አትቅዱ፤ እሱን ለሌላ እንተወዋለን።

አሁን ፋይል፣ ስክሪፕትስ፣ «ኢሜጅ ፕሮሰሰር» ግቡ። ፎቶዎቹ ያሉበትን ፎልደር ምረጡ፣ የሚቀመጡበትን ምረጡ፣ ጄፔግ ላይ ምልክት አድርጉና ኳሊቲውን ከ12 ውስጥ 9 ወይም 10 ስጡት። ከታች «ረን አክሽን» ላይ «ለድር»ን ምረጡ። የኢሜጅ ፕሮሰሰሩ የራሱ ማሳነሻ አለው፤ አክሽናችሁ ስለሚያሳንስ እሱን ባዶ ተዉት። መጀመሪያ በአምስት ፎቶ ሞክሩ፤ ከተጋደመውም ከቆመውም ይኑርበት። ከዚያ ሙሉውን ፎልደር ለቀቅ አድርጋችሁለት ሻይ ጠጡ።

አክሽን በሌላ ፎቶ ላይ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የሌየር ስም ነው። ስትቀዱ ሌየሩን በማውስ ከመረጣችሁት አክሽኑ ስሙን ይይዛል፤ ሌላው ፋይል ላይ ያ ስም ከሌለ ይቆማል። ስለዚህ ሌየር የምትመርጡት በቁልፍ ይሁን፤ ኦልት ከ[ ጋር አንድ ሌየር ወደ ታች፣ ኦልት ከ] ጋር አንድ ወደ ላይ ይወስዳል። ሁለተኛው መለኪያው ነው። ሎጎ ከጥግ 200 ፒክስል ርቆ እንዲቀመጥ ከቀዳችሁ ትንሹ ፎቶ ላይ መሃል ይገባል፤ ትልቁ ላይ ከጥጉ ይጣበቃል። ከመቅዳታችሁ በፊት ሩለሩን በራይት ክሊክ ወደ ፐርሰንት ቀይሩት፤ ቦታው ከፎቶው መጠን ጋር አብሮ ይሄዳል።

አንዱ እርምጃ በየፎቶው የተለየ ቁጥር የሚፈልግ ከሆነ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ከእርምጃው ስም በስተግራ ካሉት ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ለስሙ የምትቀርበውን ተጫኑ። አክሽኑ እዚያ ሲደርስ መስኮቱን ከፍቶ ይጠብቃችኋል፤ ቁጥሩን ሰጥታችሁ እሺ ስትሉት ይቀጥላል።

ሁሉም ነገር ፎቶሾፕ ውስጥ አይሠራ

ሦስት መቶ ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ፎቶሾፕን የሚከፍተው መጨረሻ ላይ ነው። መምረጡና ብርሃን ማስተካከሉ ላይትሩም ክላሲክ ላይ ይለቅ። ካፕስ ሎክን አብሩና ፒ ለሚያልፈው፣ ኤክስ ለሚጣለው ተጫኑ፤ እያንዳንዱን ስትወስኑ ራሱ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ እጃችሁ ከቦታው አይነሳም። ማሽናችሁ ደካማ ከሆነ ስታስገቡ «ስማርት ፕሪቪው» ይሥራላችሁ፤ ረጅም ጎኑ 2560 ፒክስል የሆነ ቀላል ቅጂ ነው። ፕሪፈረንስስ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ከዋናው ፋይል ይልቅ እሱን ለኤዲት እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል። እዚያው ያለው የካሜራ ሮው ካሽ 5 ጊጋባይት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ቦታ ካላችሁ 20 አድርጉት። በአንድ ብርሃን የተነሱትን አንዱን አስተካክላችሁ ለቀሩት «ሲንክ» ስታደርጉ የክሮፑንና የጉድፍ ማጽጃውን ምልክት አንሱ፤ የአንዱ ሰው ፊት ላይ የነበረ ጉድፍ የሌላውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ጊምፕ (ነፃው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ተጠቃሚዎች፣ ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ «ሲስተም ሪሶርስስ» ውስጥ «ታይል ካሽ ሳይዝ» የሚለው ነው የእናንተ የሜሞሪ መጎተቻ። ከራማችሁ ከግማሽ ብዙም ሳትርቁ ጀምሩ። የትእዛዝ ቦታ ከጠፋችሁ የ/ ቁልፍን ተጫኑና ስሙን ጻፉ። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 ፎቶውን ሳያበላሽ የሚቀመጥ ፊልተር ስላመጣ፣ አሮጌው ላይ ያላችሁ ብታድሱት ይሻላል።

የሠራችሁትን ማስቀመጥ

ፎቶሾፕ ከነአካቴው ግራ ሲጋባ፣ ፓነሎቹ ሲጠፉ ወይም መሣሪያዎቹ እንግዳ ነገር ሲሠሩ፣ መፍትሔው ፕሪፈረንሱን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፤ ስታስነሱት ኮንትሮል፣ ኦልትና ሺፍትን ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን አክሽኖቻችሁን ለብቻ አስቀምጡ፤ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። የአክሽን ፓነሉን ሜኑ ስትከፍቱ «ሴቭ አክሽንስ» ፈዝዞ አልጫን ካላችሁ፣ የመረጣችሁት አክሽኑን ነው ማለት ነው። ከላይ ያለውን ሴቱን፣ ፎልደሯን ምረጡ፤ ያኔ ይበራል። የሚወጣው ፋይል መጨረሻው ኤቲኤን ነው። ፍላሽ ወይም ክላውድ ላይ አኑሩት፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ ክሊክ ስታደርጉት አክሽኖቹ ከነኤፍ ቁልፋቸው ይገባሉ።